ተናጋሪ ቁጥር ሰባትና ተናጋሪ ቁጥር ሃምሳ ሁለት

ሐርጌሳ ውስጥ በመታወቂያ ስሙ የሚጠራ ሰው ካገኛችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ፖሊስ እየፈለገው ነው። የቀረው ሕዝብ የአገሩ ሰው አይቶና መዝኖ ያወጣለት ስም አለው። ጥርሱ የቀላው «ቀይ ጥርስ» ነው። በልጅነቱ ከግመል ላይ የወደቀው ስድሳ ዓመት ቢሞላውም «ወዳቂው» ነው። ሲጠሩት ቀና ብሎ «አቤት» ይላል እንጂ አይቀየምም። ቢቀየምም ምንም አያመጣም፤ «ወዳቂው አኩራፊ» ብለው ያስረዝሙለታል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ሰውየው ዞር ሲል ከኋላው የሚጠሩበት ስም አለ። ያንን ሳይሰማ ሊሞት ይችላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ለዚህ ነው።

ሂባቅ ጃማዕ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ለደረሰባት ነገር «አላወቅሁም ነበር» የሚል ሰበብ ማቅረብ አትችልም፤ አላቀረበችምም። ከወዲሁ የምነግራችሁ ኋላ ላይ ያለ ልክ እንዳታዝኑላት ነው።

ሂባቅ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ሰፊያ ገበያ መሐል ጨርቅ ትሸጣለች። ስድስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማረችና «የጠመኔ ብናኝ ሳንባዬን ጨረሰው» ብላ ከከተማው ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ለሁለተኛ ዲግሪ ገባች። የትምህርቱ ስም ረጅም ነው። ሲያጥር፣ ማሽን የሰው ንግግር ሰምቶ እንዲጽፍ ማስተማር ነው። ማሽኑ እንግሊዝኛ ይሰማል፣ ዐረብኛ ይሰማል፤ በሶማልኛ ሲያናግሩት ግን ሌላ ዓለም ያለ ይመስል ያልተባለውን ይጽፋል። እሷ ይህን ላቅናው ብላ ተነሳች።

እናቷ ለጎረቤት «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» አለች።

«የምን ዶክተር?»

«የጆሮ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ደፍና ነው የምትውለው።»

በሳምንቱ ሁለት ሴቶች ጆሯቸው የሚመግል ልጆች ይዘው መጡ። ሂባቅ ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው። አንዷ እስካሁን ታኮርፋታለች።

ማሽኑ እንዴት እንደሚማር ላስረዳችሁ፤ አይከብድም። የብዙ ሰው ድምፅ ትቀዳላችሁ። እያንዳንዱ ያለውን ቃል በቃል ትጽፋላችሁ። ድምፁንና ጽሑፉን አጣምራችሁ ስትሰጡት እየደጋገመ ያጠናል። ከዚያ ትፈትኑታላችሁ። ፈተናው ላይ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፦ ማሽኑ ያጠናው የእገሌን ድምፅ ከሆነ የሚፈተነው በሌላ ሰው ድምፅ ነው። በዚያው በእገሌ ድምፅ ከፈተናችሁት ጥያቄውን ከዋዜማው ያየ ተማሪ ሆነ ማለት ነው፤ መቶ ቢደፍንስ ማን ይደነቃል? ሂባቅ አስተማሪ ነበረች። ፈተና ሰርቆ ያየ ተማሪ ከሩቅ ይሸታት ነበር።

ድምፁ የተቀዳው በሁለት ዙር ነው። ለመጀመሪያው ዙር የአጎቷን ልጅ ሰከሪያን ላከችው። ሰከሪያ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰው ያውቃል፣ ሰውም ያውቀዋል። መቅጃውን ይዞ ወደ ከብት ገበያ ሄደና ደላሎቹ ሻይ የሚጠጡበት ዳስ ተቀምጦ አርባ ሰው፣ እያንዳንዱን ሃያ ሃያ ደቂቃ አስወራ። ቅጹ ላይ «ስም» የሚል መስመር ነበር። ሰከሪያ እንደ ማንኛውም የእናት ልጅ «ማን ይሉሃል?» እያለ ጠይቆ ሞላው።

ከስምንት ወር በኋላ ለፈተናው ሌላ ሃያ ሰው ሲያስፈልግ የሰከሪያ ታክሲ ሞተር ነክሶ ስለነበር የክፍል ጓደኛዋ ዴቃ ሄደችላት። ዴቃ ሥርዓት ትወዳለች። መታወቂያውን ሳታይ ሰው አትቀዳም። ወሬ የሚወድ ሰው የት ይገኛል ብላ ጠይቃ፣ ከብት ገበያ ሲሏት እዚያው ሄደች። የእያንዳንዱን ሰው፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ከካርዱ እየገለበጠች ሃያውን በሁለት ቀን ጨርሳ ተመለሰች። ሂባቅ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተያየች። አንድም የሚመሳሰል ስም የለም። ደስ አላት።

ማሽኑ ተማረ፣ ተፈተነ። ከመቶ ቃል ሰማንያ ዘጠኙን በትክክል ጻፈ።

ሰማንያ ዘጠኝ! ከዚያ በፊት እዚህ ቤት አርባ የደረሰ አልነበረም። አማካሪዋ ዶክተር ጉሌድ ለዲኑ ነገሩ፣ ዲኑ ለቴሌቪዥን ነገሩ፣ ቴሌቪዥኑ መጥቶ ሂባቅን ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሮ አቆማት። ዩኒቨርሲቲው ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ መምህርት አድርጎ ሊቀጥራት ወሰነ። ደብዳቤው ተጽፎ የቀረው ዲግሪዋ ብቻ ነበር። የእናቷ ወንድም ለምርቃቱ ግመል ገዛ። ከጠመኔ ወጥታ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ላይ፣ በሯ ላይ ስሟ የተጻፈ ክፍል ሊኖራት ነው። ይህን ክፍል በጣም ፈልጋው ነበር። የበሩን ቀለም ሳይቀር በልቧ መርጣለች።

ፈታኞች ፊት ቆማ ሥራዋን የምትከላከለው ሐሙስ ጠዋት ነው። ማክሰኞ፣ ከቀትር ሶላት በኋላ፣ ከተማው ከነውሻው ሲተኛ፣ ለአዳራሹ የሚጫወቱ ሁለት ድምፆች ለመምረጥ ተቀመጠች። አንዱ ማሽኑ ካጠናባቸው፣ አንዱ ከተፈተነባቸው። ከሁለቱም ወገን ማሽኑ አሳምሮ የጻፋቸውን መረጠች፤ ካጠናባቸው ቁጥር ሰባትን፣ ከተፈተነባቸው ቁጥር ሃምሳ ሁለትን። ሁለቱንም ወደ ጽሑፍ የገለበጡት የቀጠረቻቸው ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ እሷ ሰምታቸው አታውቅም።

ቁጥር ሰባትን አጫወተች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉና ስለ አንዲት ግመል ጀመሩ። ድርቅ ነው፣ ግመሏ ልትወልድ ደርሳለች፣ ውኃ ካየች ስድስት ቀን ሆኗታል። ወሬው ደህና ነው። «ግመሏ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ» ሲሉ ሃያ ደቂቃው አለቀና ተቆረጠ።

ቁጥር ሃምሳ ሁለትን አጫወተች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

«ያኔ ልጁ አቋረጠኝ እንጂ፣» አሉ፣ «ግመሏ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደደረሰች …»

ሂባቅ ማዳመጫውን አወለቀች። ትንሽ ቆይታ መልሳ አደረገችው። ሽማግሌው ቀጥለዋል።

ቅጾቹን አወጣች። ቁጥር ሰባት፣ ስም፦ ቆርዴር። አንገተ ረጅም ማለት ነው። ቁጥር ሃምሳ ሁለት፣ ስም፦ አብዲላሂ ዋርሰሜ ቡሌ። ሁለቱን ቅጾች ይዛ ተነሳች።

ዶክተር ጉሌድ ቢሮ ሄደች። ዶክተር ጉሌድ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ነገር አይወድም። ሰምተዋት ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ።»

«አንድ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሰው ምን ያመጣል?»

«ሌሎችም ቢኖሩስ?»

«ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያው የሉም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚ ሂባቅ፤ ገጽ ዘጠና ሦስት ላይ ‹የጥናቱ ጉድለቶች› የሚል አለሽ። እዚያ አንድ መስመር አስገቢ። እዚያ ድረስ የሚያነብ የለም። እኔ ራሴ አላነበብኩትም። ከናይሮቢ የሚመጡት ፈታኝ ደግሞ ቆርዴርን ከየት ያውቋቸዋል?»

ሂባቅ ምክሩ ጣማት። አልዋሽም፤ በጣም ጣማት። እቤቷ እስክትደርስ መስመሯን በሐሳቧ ስትጽፍ ሄደች። ችግሩ፣ ሒሳብ አስተማሪ መሆን የማይለቅ በሽታ ነው፤ ስንቱ ሰው ሁለቴ እንደተቀዳ ሳታውቅ እንቅልፍ አልወስድ አላት።

ረቡዕ በጠዋት ከብት ገበያ ነበረች። ያገኘችውን ሰው «ቆርዴርን አይተሃል?» ስትለው በአገጩ አሳያት። አብዲላሂ ዋርሰሜ ብላ ጠይቃ ቢሆን እስካሁንም እዚያው ናት።

ቆርዴር ከአንድ ገዥ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በእጃቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው ቆመዋል። የበግና የግመል ዋጋ እዚያ ፎጣ ሥር በጣት ነው የሚነገር፤ ዙሪያውን የቆመ ሁሉ አንድም አይሰማም። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ አፋቸውን ዘግተው ሲሠሩ ስለኖሩ የሚሰማቸው ሲያገኙ መቆሚያ የላቸውም። ወደ ሰባ ተጠግተዋል። ጀርባቸው ጎብጦ አንገታቸው ትከሻቸው መሐል ሰጥሟል፤ ስማቸውን ያልሰማ ሰው ሲያያቸው አንገት ነበራቸው ብሎም አይጠረጥር።

ገዥው ሲሄድ ቀረበች፤ ሽማግሌ በአጎት ወግ «አዴር» ተብሎ ነው የሚጠራ። «አዴር፣ እንዴት አደሩ? የጃማዕ ልጅ ነኝ።»

«የትኛው ጃማዕ?»

«የጨርቅ ነጋዴዋ የሰፊያ ባል።»

«አሃ! ድምፅ የምታስቀዳዋ ልጅ! ማሽንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። አዴር፣ ሁለት ጊዜ ተቀድተዋል እንዴ?»

«አዎና።»

«ሁለት ጊዜ!»

«ሦስተኛ ካለም ይኸው መጥቻለሁ። ያ ታክሲ ነጂ ግመሏን ጉድጓድ አፍ ላይ ገትሮ ‹በቃ› ብሎኝ ሄደ። ስምንት ወር ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ከረመ። ያቺ ልጅ ስትመጣ ተመስገን ብዬ ገባሁ፤ እሷም ሃያ ደቂቃ አለች። ወላሂ፣ ግመሏ እስካሁን ውኃ አልቀመሰችም።»

«ከዚህ በፊት ተቀድቻለሁ አይሏትም ነበር?»

«መቼ ጠየቀችኝ? መታወቂያ አለች፣ ሰጠኋት።»

«ስምዎንስ?»

«ልጁ ‹ማን ይሉሃል› አለኝ፤ የሚሉኝን ነገርኩት። ልጅቷ ካርዱን አየች፤ ካርዱ የሚለውን ጻፈች። ማነው የዋሸው?»

ማንም አልዋሸም። ሂባቅን ያናደዳትም እሱ ነበር፤ የምትቆጣው ሰው እንኳ አጣች።

የዴቃን ዝርዝር አወጣች። «ሙሴ ኢስማኢል ጉሬን ያውቁታል?»

ቆርዴር አሰቡ። «የለም። እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ገበያ የለም።» ወደ ዳሱ ዞረው ጮኹ። «ሙሴ ኢስማኢል ጉሬ የሚባል አለ?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከጥግ ቀይ ጥርስ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ ቆርዴር። አርባ ዓመት አብረው ሠርተዋል።

እንዲያ እያሉ ሃያውን ስም ለቀሙት። ወዳቂው ተገኘ፣ አጭሩ ተገኘ። አንዱ የአያቱን ስም ረስቶ ካርዱን አውጥቶ አረጋገጠ። ሲያልቅ ከሃያው አሥራ አራቱ የሰከሪያ ሰዎች ነበሩ። የቀሩት ስድስቱ ዴቃ ስትቀዳ በጎቻቸውን ከገጠር ነድተው መጥተው የነበሩ ባዕዶች ናቸው። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁሉም ለምን ሁለቴ እንደመጣ መናገር ጀመረ። ባብዛኛው ወሬው ስላላለቀለት ነው።

«አንቺ ለምን አትስቂም?» አሏት ቆርዴር።

«ማሽኑን በናንተ ድምፅ አስተማርኩት፣ አዴር። ከዚያ የማያውቀው ሰው ነው ብዬ በናንተው በራሳችሁ ፈተንኩት።»

ቆርዴር አገጫቸውን አሻሹ። «አንድ በግ ሁለቴ ቆጠርሽ ማለት ነው።»

«አሥራ አራት በግ።»

ሳቁ ቆመ። ወዳቂው የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ከብት ገበያ ውስጥ በሚስትም፣ በመንግሥትም ይቀለዳል፤ በዚህ አይቀለድም።

«ያንን ሰውዬ ታያለሽ?» አሉ ቆርዴር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በሩ አጠገብ ጢማቸውን ሒና የተቀቡ፣ ንጹሕ የለበሱ ሽማግሌ ለበጎቻቸው ጥላ ይፈልጋሉ። «አያቱ ለኤደን ነጋዴ በግ ሲያስረክብ አሥራ ሁለቱን ሁለቴ ቆጠረ። እንግሊዞቹ ገና ሳይወጡ ነው። አያቱ ሞተ፣ አባቱ ሞተ። ይኸኛው ሐጅ አድርጓል፣ መስጊድ አሠርቷል፣ የማንንም ሣር ነክቶ አያውቅም።»

«ማን ይሏቸዋል?»

«ሁለቴ።»

«በፊታቸው?»

«በፊቱማ ሐጂ ነው።»

ሂባቅ ዝርዝሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። አሥራ አራቱን አወጣች፤ ማሽኑን በስድስቱ ባዕዶች ብቻ ፈተነችው። ውጤቱ ሲወጣ ዐይኗን ጨፍና ነበር። ስትገልጥ ስልሳ ስምንት ይላል።

አለቀሰች። ክፍሉ ውስጥ ሰው ስላልነበረ አፍንጫዋን በሻሿ ጠረገች። ከዚያ ገጽ ዘጠና ሦስትን ከፈተች። ለአንድ መስመር የሚበቃ ቦታ ነበረው። መስመሯን ጻፈቻት፦ «ጥቂት ተናጋሪዎች በሁለቱም ዙር ተሳትፈው ሊሆን ይችላል።» አነበበቻት። ውሸት አይደለችም። እንዳትታይ ተጎንብሳ የምታልፍ እውነት ናት። በሩንና ቀለሙን አሰበች። «ሁለቴ» አለች ድምፅ አውጥታ፣ እንዴት እንደሚሰማ ለማየት። መስመሯን ሰረዘቻት።

ምሳ ላይ ለእናቷ ነገረቻት። ሰፊያ ሩዝዋን መብላት አቆመች።

«ደብዳቤውስ?»

«የሚቀር ይመስለኛል።»

«አጎትሽ ግመሉን ዛሬ ጠዋት አረደው እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«የታረደ ግመል አይመለስም፣ ሂባቅ።»

«አውቃለሁ፣ ሆዮ።»

ሰፊያ የሳህኑን ሩዝ በጣቷ ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበች። «እንግዲህ ይበላል» አለችና ሩዝዋን ቀጠለች። ዐይኗ ግን ቀልቶ ነበር፣ ልጅቷም አየች።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከፊት የመጀመሪያውን ረድፍ የከብት ገበያ ሰዎች ያዙት፤ ድምፃችን ይሰማል ብለው ዱላቸውን ይዘው፣ ሽቶ ተቀብተው ነው የመጡት። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰከሪያ መሐላቸው ተቀምጦ ያስተረጉማል። መድረኩ ላይ ዲኑ፣ ዶክተር ጉሌድና ከናይሮቢ የመጡት ፈታኝ ፕሮፌሰር ሙቶኒ አሉ። ፕሮፌሰሯ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይነበብ ሴት ናቸው። ገጽ ዘጠና ሦስት ላይ ወረቀት ሰክተዋል።

ሂባቅ ሰማንያ ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር ግድግዳው ላይ አበራችውና «ይህ ቁጥር ስህተት ነው» አለች።

ዲኑ ሳል ያዛቸው። ዶክተር ጉሌድ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ፤ እስኪያልቅ ድረስ ዐይናቸውን አላወረዱም። ሂባቅ ሁሉንም ተናገረች፤ ሰከሪያን አልወቀሰችም፣ ዴቃን አልወቀሰችም። «ሁለቱን ዝርዝር ያስተያየሁት እኔ ነኝ። የተወለድኩትም እዚሁ ነው» አለች። ከዚያ ሁለቱን ድምፆች አከታትላ አጫወተች። ግመሏ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰች፤ ግመሏ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደደረሰች። አዳራሹ አንድ ላይ ሳቀ።

«ምንድን ነው የሚያስቀው?» አሉ ፕሮፌሰር ሙቶኒ።

«ግመሏ ናት» አለች ሂባቅ።

«ሁለት ሰዎች አንድ ወሬ ሊያውቁ ይችላሉ። አንድ ሰው መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?»

ሰከሪያ ይህን ተረጎመ። ቆርዴር ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ወደ መድረኩ ወጡ፣ ድምፅ ማጉያውን ከሂባቅ እጅ ተቀበሉና ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

«እና ግመሏ …»

«አዴር፣ ይበቃል፣ ይቀመጡ» አሉ ዲኑ።

ፕሮፌሰር ሙቶኒ ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። «አሁን አወቅሁ» አሉ። «ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?»

«ስልሳ ስምንት።»

ሰከሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስተረጎመ። «ማሽኑ ከመቶ ቃል ስልሳ ስምንቱን ነው የሚሰማው እያለች ነው።»

«ከመቶ ስልሳ ስምንት?» አለ ቀይ ጥርስ። «የኔ ልጅ ሠላሳም አይሰማኝ።»

ፈታኞቹ አርባ ደቂቃ ተማክረው ተመለሱ። ስድስት ወር ተጨማሪ፤ ከዚህ በፊት ተቀድተው የማያውቁ አርባ አዲስ ሰዎች፤ ፈተናው እንደገና። ፕሮፌሰሯ ሲወጡ ሂባቅ አጠገብ ቆም አሉ። «ጥሩ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም» አሉ። «አሁን ግን ሥራ ነው።» ሄዱ።

ግመሉ ተበላ። ታርዷል እኮ፣ ምን ይደረግ? ቦታው ግን ስድስት ወር አይጠብቅም ተባለና፣ የራሷን ጥናት በሰዓቱ የጨረሰችው ዴቃ ተቀጠረች። ሂባቅ አቅፋ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ ሦስት ቀን አልወጣችም። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በአራተኛው ቀን ተነስታ አዲስ ቅጽ አዘጋጀች። ሦስት የስም መስመር አለው፦ መታወቂያው የሚለው፤ ሰው የሚጠራህ፤ ስትሄድ የሚጠሩህ። ሦስተኛው ከባለቤቱ አይጠየቅም፤ ከጎረቤቱ ነው የሚሞላው። በዚህ ቅጽ የተነሳ በበርበራ መንገድ ላይ አንድ ጠብ ተነሳ፤ ያም ሆኖ አንድም ሰው ሁለቴ አልተቀዳም።

በአራተኛው ወር ላይ እናቷ ጨርቅ እያጠፈች፣ «ስሚማ፣ ስምሽን ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«የምን ስም?»

«ዛሬ አንዲት ሴት መጥታ ‹የስልሳ ስምንት እናት አንቺ ነሽ?› አለችኝ። ጨርቅ ገዛችኝ። ከሷ በፊት የመጡትም እንደዚያው ነው የሚሉ፤ አልነግርሽም ብዬ ነው።»

ሂባቅ ተቆጣች። ሌላ ቁጥር የለም? ስድስት ዓመት ማስተማሯ፣ ሦስት ዓመት መማሯ፣ ቴሌቪዥን ላይ መውጣቷ፣ ሁሉም ቀርቶ የወደቀችበት ቁጥር? ሰከሪያን ጠየቀችው፤ ያውቃል። ዴቃን ጠየቀቻት፤ ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ዘበኛ «አልሰማሁም» ብሎ ጫማውን አየ።

በስድስተኛው ወር መጨረሻ ማሽኑ ሰምቷቸው በማያውቅ አርባ ሰዎች ተፈተነ። ሰባ አራት አመጣ። ንጹሕ ሰባ አራት። ዲግሪዋን አገኘች፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ቦታ ተከፈተና ተቀጠረች። ክፍሏ የተሰጣት ከዴቃ ጋር በጋራ ነው። በሩም ቀድሞ ተቀብቶ ነበር፣ በማትወደው ቡኒ።

የታተመውን ጽሑፏን ይዛ ከብት ገበያ ሄደች። ገና ከበሩ ስትገባ አንዱ «ስልሳ ስምንት መጣች!» ብሎ ወደ ዳሱ ጮኸ። በፊቷ፣ ሳያፍር። ቆርዴር ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት፤ የግመል ወተት ያለበት ሻይ መጣ።

«አዴር፣ ሰባ አራት ሆኗል እኮ።»

«ምኑ?»

«ማሽኑ። ከመቶ ሰባ አራት ይሰማል። ይኸው፣ ፈታኞቹ ፈርመውበታል።» ገጹን ገልጣ አሳየቻቸው። «ይንገሩልኝ እስቲ ለሰዎቹ። ቢያንስ ቁጥሩን ያስተካክሉት።»

ቆርዴር ጽሑፉን ገልብጠው ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ። መልሰው ሰጧት።

«ልጄ፣ አንገቴን እይው።»

አየች። የሚታይ አንገት አልነበረም።

«ካጠረ ሠላሳ ዓመት ሆነው» አሉ። «ያስተካከለልኝ አለ?»

በሩ አጠገብ ሐጂው በጎቻቸውን ወደ ጥላው እየነዱ ነበር። ሁለቱም አዩዋቸው። አንዱ ጎረምሳ ከፊታቸው ዘወር ብሎ «ሐጂ፣ ይለፉ» አላቸው፤ ካለፉ በኋላ ደግሞ ለጓደኛው የሆነ ነገር አለው፣ ጓደኛውም ራሱን ነቀነቀ። ሂባቅ ሻይዋን ጨረሰች። ከቦርሳዋ መቅጃዋንና አንድ ባዶ ቅጽ አወጣች። በመጀመሪያው መስመር ሂባቅ ጃማዕ ዒሳ ብላ ጻፈች። በሁለተኛው መስመር ስልሳ ስምንት ብላ ጻፈች። ሦስተኛውን ክፍት ተወችው፤ እሱ የሷ አይደለም።

ቅጹን ወደ ጎን አድርጋ መቅጃውን ቆርዴር ፊት አስቀመጠችና ከፈተችው።

«ዛሬ የሰዓት ገደብ የለም፣ አዴር» አለች። «ግመሏ ጉድጓዱ አፍ ላይ ናት።»

ቆርዴር ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ።